ሦስቱ ስፒል መሰል ላይከኖች አንድ ዝርያ አይደሉም

ጥያቄ፦ «በስዊድን ኡሜዮ አካባቢ የደን ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በምሠራበት አሮጌ ደን ውስጥ ጥቃቅን ስፒል የሚመስሉ ላይከኖችን ከሦስት ቦታ ወስጃለሁ። የመጀመሪያው ቅርፊቱ ከረገፈና ቆሞ ከደረቀ የፓይን ግንድ የተወሰደ ነው፤ ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ስፒል ሲሆን በሥሩ ምንም ዓይነት የላይከን አካል አይታየኝም። ሁለተኛው በአሮጌ ስፕሩስ ግንድ ግርጌ፣ በቅርፊቱ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ መካከል የቆመ ነው፤ አናቱ ቡናማ ሲሆን ከራሱ በታች ቢጫ ነገር አለበት። ሦስተኛው ነፋስ ገንድሶ የጣለው ዛፍ ሥር ላይ ያገኘሁት ነው፤ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሲሆን እግሩ ጭምር ቢጫማ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። የስልኬ መተግበሪያ ሦስቱንም ካሊሲየም ቪሪዴ ይላቸዋል። አንድ ዝርያ በተለያየ ዕድሜው ይሆን? ያለ ማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል? መገኘታቸውስ ደኑ ፈጽሞ ያልተነካ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆነኛል?»

ምላሽ፦ ሦስቱ ናሙናዎች የአንድ ዝርያ የተለያዩ ዕድሜዎች አይደሉም። በሰጡት መግለጫ መሠረት ሁለተኛውና ሦስተኛው የኬኖቴካ ወገን መሆናቸውን በበቂ እርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ የመጀመሪያው ግን የካሊሲየም፣ የኬኖቴካ ወይም ከነጭራሹ ላይከን፣ ማለትም ከአልጌ ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ፣ ያልሆነ ተራ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ካሊሲየም ቪሪዴ ከሦስቱም መግለጫዎች ጋር አይገጥምም። መተግበሪያው የተሳሳተበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ የሚያሳየው ቀጭን እግርና ክብ ራስ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ቅርጽ በእነዚህ ፍጥረታት ዘንድ ስለ ዝምድና እጅግ ጥቂት የሚናገር ምልክት ነው።

ቀደም ባሉት ዘመናት ዱቄታማ ራስ ያላቸው ስፒል መሰል ላይከኖች በጠቅላላ ካሊሲያሌስ በሚባል አንድ ቡድን ውስጥ ይመደቡ ነበር። የኡፕሳላው ተመራማሪ ሌፍ ቲቤል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህ ቡድን በቅርጽ መመሳሰል እንጂ በዘር ሐረግ የተሰባሰበ አለመሆኑን አስረዱ፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ የዲኤንኤ ጥናቶችም ይህንኑ አጸኑት። ዛሬ ካሊሲየም አብዛኞቹ ላይከኖች በሚገኙበት በሌካኖሮማይሴቴስ መደብ ውስጥ ነው። ኬኖቴካና ስክሌሮፎራ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮኒዮሲቦማይሴቴስ የሚባል የራሳቸው መደብ ተሰጥቷቸዋል። ማይኮካሊሲየምና ኬኖቴኮፕሲስ የሚባሉት ስፒል መሰል ፈንገሶች ደግሞ ዩሮቲዮማይሴቴስ በሚባለው መደብ፣ ማለትም ፔኒሲሊየምና አስፐርጂለስ የተባሉት ሻጋታዎች በሚገኙበት የፈንገስ ጎራ ውስጥ ናቸው። በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጥቁር ስፒሎች በዝምድና የተራራቁ ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። እግር ማብቀል በተለያየ ጊዜና በተለያየ ሐረግ የተደጋገመ መፍትሔ ነው።

ስለዚህ መለየት የሚጀመረው በስፒሉ ራስ አናት ላይ ካለው ነገር እንጂ ከሥሩ ከሚታየው ቀለም አይደለም። በካሊሲየምና በኬኖቴካ ስፖሮቹን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባባቸውን ዘር መሰል ብናኞች፣ የያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች ገና በጊዜ ይሟሟሉ፤ ስፖሮቹም ተለቀው በራሱ አናት ላይ ደረቅ የዱቄት ክምር ይሆናሉ፤ ባለሙያዎች ማዜዲየም የሚሉት ይህን ክምር ነው። በማይኮካሊሲየምና በኬኖቴኮፕሲስ ግን ከረጢቶቹ ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ ዱቄት አይከማችም፤ አናቱም ጥብቅ ሆኖ ይታያል። ይህን ልዩነት ለማየት አንዲት ነጭ ወረቀት ትበቃለች። ናሙናው በደንብ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱን በራሶቹ ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑ። የካሊሲየም ራስ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነጥብ ያትማል፤ የኬኖቴካው ነጥብ ቡናማ ነው፤ ዱቄት የሌላቸው ወገኖች ወረቀቱን ንጹሕ እንደሆነ ይተዉታል። ፈተናው ሁለት ድክመቶች እንዳሉት ግን ይወቁ። እርጥብ ናሙና አያትምም፤ ያረጀና ዱቄቱ የረገፈበት ራስም ባዶ ጽዋ ሆኖ ስለሚቀር ምንም ምልክት አይተውም። በመሆኑም በአንድ ራስ ላይ ተመሥርተው «ዱቄት የለውም» ብለው አይጻፉ፤ ከዚያው ቦታ ብዙ ራሶችን ይፈትሹ።

ወገኑ ከታወቀ በኋላ ወደ ዝርያው የሚወስደው ዋና ምልክት የራሱ ጽዋ ላይ የሚገኘው ስስ የብናኝ ልባስ ነው። ጽዋ የምለው ዱቄቱን ከሥር ደግፎ የያዘውን ጥቁር ክፍል ነው። ይህ ልባስ ከላይ ሲመለከቱት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይታይ የእንጨቱን ቁራጭ ወደ ጎን አጋድመው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲወድቅ አድርገው፣ ቢያንስ 20 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ስፒሉን በቁመቱ ያስተውሉት። 10 ጊዜ የሚያጎላ የመስክ መነጽር ስፒሎቹ መኖራቸውን ለማወቅ ይጠቅማል፤ ልባሱን ለማየት ግን ደካማ ነው። በተጨማሪም ልባሱ በእጅ መነካካትና በዕድሜ ብዛት ስለሚረግፍ ያልተነካኩ፣ ከሕፃንነት ያለፉ ነገር ግን ያላረጁ ራሶችን መምረጥ ያስፈልጋል። ናሙናዎን በጥጥ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ከያዙት ልባሱ እስካሁን ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል እንደገና መሰብሰብ ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ከሦስቱ ከባዱ የመጀመሪያው ናሙና ነው፤ ቅርፊት የሌለው ደረቅ የፓይን እንጨት በርካታ ተመሳሳይ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ስለሆነ ነው። ከሥሩ የላይከን አካል አለመታየቱ ራሱ ሁለት የተለያየ ትርጉም አለው። በብዙ የካሊሲየም ዝርያዎች አካሉ በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚኖር ከውጭ ምንም ነገር አይታይም፤ እንጨቱ በጥቂቱ ተፍቆ ሲታይ ግን ከፈንገሱ ክሮች ጋር የተጠላለፉ አረንጓዴ የአልጌ ሕዋሶች ይገኛሉ። ማይኮካሊሲየም ሰብቲሌ በአንጻሩ የሞተ እንጨት የሚመገብ ፈንገስ እንጂ ላይከን ስላልሆነ የራሱ አልጌ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፤ አሮጌ እንጨት ላይ የማንም ያልሆነ ነጻ አልጌ ሁልጊዜም አይጠፋም፤ ስለዚህ አልጌ ማየት ብቻውን ላይከንነትን አያረጋግጥም።

ወረቀቱ ጥቁር ካተመና ስፒሉ ካሊሲየም መሆኑ ከታወቀ የጽዋውን ጠርዝ ይመልከቱ። በጠርዙ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ካለ ካሊሲየም ግላውሴለም ነው፤ በዚህ ዓይነት እንጨት ላይ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባውም እሱ ነው። ቀለበቱ ቢጫ ከሆነ ካሊሲየም ትራቢኔለም ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድ ግንድ ላይ ተቀላቅለው ሊገኙ ስለሚችሉ አንዱን አይቶ ሌላውን በዚያው ስም መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው። የጽዋው የታችኛው ገጽ ቡናማ ልባስ ያለው ከሆነ ካሊሲየም ሳሊሲነምን ያስቡ። ምንም ልባስ ከሌለው ካሊሲየም አቢየቲነም ወይም ካሊሲየም ዴኒግራተም ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ጠንካራ በሆነ አሮጌ የፓይን እንጨት ላይ የሚኖርና የሚያብረቀርቅ ጥቁር መልክ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ልባሱ የረገፈበት አሮጌ ግላውሴለምም ልክ እንደነዚህ ስለሚመስል «ልባስ የለውም» በሚል አሉታዊ ምልክት ብቻ ስም መስጠት አይገባም። ወረቀቱ ቡናማ ካተመ ደግሞ አካላቸው በእንጨት ውስጥ ከተሰወረው የኬኖቴካ ዝርያዎች አንዱ፣ ምናልባትም ኬኖቴካ ብሩኔኦላ፣ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል።

ያለ ማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል ወይ ለሚለው መልሴ፣ ለመጀመሪያው ናሙና አይቻልም ነው። አንድ የበሰለ ራስ በቀጭን መርፌ ጫፍ አንስተው በመስታወት ላይ ባለ የውሃ ጠብታ ውስጥ ያድርጉ፤ በስስ መሸፈኛ መስታወት ሸፍነው በጥቂቱ ይጫኑና በ400 እጥፍ ይመልከቱ። የካሊሲየም ስፖር በመካከሉ ግድግዳ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን ግድግዳው ባለበት ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ ጥቁር ቡናማ ነው። በ1000 እጥፍ በዘይት ሌንስ ሲታይ ገጹ ለስላሳ አለመሆኑ ይታወቃል፤ በግላውሴለምና በአቢየቲነም ቅጥ ያጣ ስንጥቅ ሲኖር በቪሪዴና በሳሊሲነም እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሸንተረር አለ። የኬኖቴካ ስፖር ባለ አንድ ክፍልና ብዙውን ጊዜ ክብ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። የማይኮካሊሲየም ሰብቲሌ ስፖር ባለ አንድ ክፍል፣ ሞላላና ለስላሳ ነው፤ ከዚህም በላይ በራሱ ውስጥ ያልፈረሱ ከረጢቶች በውስጣቸው ስፖሮችን እንደያዙ ይታያሉ። ሕፃን የካሊሲየም ራስም ገና ያልፈረሱ ከረጢቶችና የፈዘዙ ስፖሮች ስለሚኖሩት ሁልጊዜ የበሰለ ራስ መርጠው ያነጻጽሩ፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው ካሊሲየምን ማይኮካሊሲየም ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ኬኖቴኮፕሲስ የገጠመዎት ከመሰለዎት ደግሞ በወገን ደረጃ ያቁሙት፤ ዝርያዎቹ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም በሌሎች ስፒል መሰል ላይከኖች አካል ላይ በጥገኝነት ይኖራሉ፤ እነሱን መለየት የዓመታት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ናሙና በተመለከተ የሰጡኝ መግለጫ ጥሩ ነው። ቢጫ ፍርፋሪ አካል፣ ቡናማ ዱቄት፣ ከራሱ በታች ቢጫ ልባስ እና አሮጌ የስፕሩስ ቅርፊት አንድ ላይ ሲመጡ ኬኖቴካ ክሪሶሴፋላን ያመለክታሉ። መተግበሪያው የጠራው ካሊሲየም ቪሪዴም በዚሁ ዓይነት ቅርፊት ላይ የሚኖር ስለሆነ መምታታቱ አይገርምም፤ ነገር ግን የቪሪዴ አካል ወደ ደማቅ አረንጓዴ ያዘነበለ ነው፤ ዱቄቱ ጥቁር፣ የጽዋው ሥር ቡናማ ሲሆን ስፒሉም ብዙውን ጊዜ ረዘም ብሎ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የአካልን ቀለም በፎቶ ላይ ማመን አደገኛ ነው፤ በጥላ ውስጥና በስልክ ካሜራ ቢጫው አረንጓዴ፣ አረንጓዴውም ቢጫ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የወረቀቱ ፈተና ይህን ጥያቄ በደቂቃ ውስጥ ይዘጋዋል። በዚሁ ግንድ ላይ ግራጫ አካል ኖሮት በየቦታው የዝገት ቀለም ያለው ሌላ ስፒል ካዩ ኬኖቴካ ፈሩጂኒያ መሆኑን ለማጣራት 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ በዝገቱ ቦታ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ወደ ቀይ ይለወጣል። ውህዱ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ስለሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይንኩት፤ ሜዳ ላይም ይዘውት አይዙሩ።

ሦስተኛው ኬኖቴካ ፉርፉራሲያ ነው ብዬ ለመናገር አልቸገርም። ዝናብ በማይደርስበት፣ ተገንድሶ በወደቀ ዛፍ ሥር ግርጌ ጥላ ውስጥ፣ በጸጉር ቅጥነት ብዙ ሆኖ መብቀልና እስከ እግሩ ድረስ በቢጫማ አረንጓዴ ብናኝ መሸፈን መለያው ነው። ከክሪሶሴፋላ ጋር ቢጫ ቀለማቸው የሚመጣው ከአንድ ዓይነት ውሁድ፣ ከቩልፒኒክ አሲድ ስለሆነ ቀለም ብቻውን አይለያቸውም፤ አልጌያቸው ግን ይለያቸዋል። አካሉን በጥቂቱ ፍቀው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ፉርፉራሲያ ስቲኮኮከስ የተባሉ አጫጭር ዘንግ መሰል የአልጌ ሕዋሶችን ይይዛል፤ ክሪሶሴፋላ ደግሞ ክብ የሆኑትን የትሬቡክሲያ ሕዋሶች። ይህ የአልጌ ልዩነት በኬኖቴካ ወገን ውስጥ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ምልክት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ በዚያው የሥር ጥላ ውስጥ ሳይሎሌኪያ ሉሲዳ የተባለ፣ ስፒል የሌለው ቢጫማ አረንጓዴ ዱቄታም ላይከን ሊኖር ስለሚችል ስፒሉ በእርግጥ ከሚታየው ዱቄት ውስጥ የበቀለ መሆኑን ያረጋግጡ።

ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ ለሦስቱም ይሠራል። የእጅ መዳፍ በምታህል የእንጨት ገጽ ላይ ሦስትና አራት ዝርያዎች ተደባልቀው መኖራቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ስፒል የቆመበት አካል የሌላው ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ስፒሉን ከራሱ ላይ ቆርጦ መውሰድ አይጠቅምም፤ የእግሩን መነሻና ከሥሩ ያለውን ቅርፊት ወይም እንጨት በስሱ አብሮ መላጥ ያስፈልጋል።

ዕድሜን በተመለከተ ያነሡት ግምት መሠረተ ቢስ ነው ማለት አልችልም፤ ዕድሜ በእርግጥ መልክን ይለውጣል። ሕፃን ራስ ሙሉ በሙሉ በልባስ ተሸፍኖ ሊታይ፣ የበሰለው ዱቄቱ ከጽዋው በላይ ጉብ ሊል፣ ያረጀው ደግሞ ልባሱንም ዱቄቱንም ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን ዕድሜ ቡናማ ዱቄትን ጥቁር አያደርግም፣ በበሰለ ክብ ስፖር መካከልም ግድግዳ አይሠራም፣ የአልጌውንም ዓይነት አይቀይርም። በእነዚህ በሦስቱ የሚለያዩ ናሙናዎች የአንድ ዝርያ ዕድሜዎች ሊሆኑ አይችሉም።

ስለ ደኑ የጠየቁት ላይ የምሰጠው መልስ ሳያስደስትዎት ይቀር ይሆናል። በአሜሪካ ሰሜን ሜይንና በአጎራባቹ የካናዳ ደኖች የሠሩት ተመራማሪ ስቲቨን ሴልቫ እነዚህን ስፒል መሰል ላይከኖችና ፈንገሶች የደን ሳይቋረጥ መቆየት መለኪያ አድርገው ማቅረባቸው እውነት ነው፤ በስካንዲኔቪያም በዚህ መልክ ይጠቀሙባቸዋል። ግን መለኪያው የሚሠራው በአንድ ቦታ የሚገኙት ዝርያዎች ብዛትና ዓይነት ሲታይ እንጂ አንዱን ስፒል በማየት አይደለም። ክሪሶሴፋላ፣ ፉርፉራሲያና ፈሩጂኒያ በስዊድን በስፋት የሚገኙ፣ ቀድሞ በተቆረጡ ደኖች ውስጥም አሮጌ ዛፍ ወይም ተስማሚ ጥላ ካገኙ የሚኖሩ ናቸው። አሮጌና እርጥብ ደንን በተሻለ ሁኔታ የሚያመለክቱት እንደ ኬኖቴካ ሰብሮሲዳ፣ ኬኖቴካ ግራሲሊማና ስክሌሮፎራ ኮኒዮፌያ ያሉት ናቸው፤ እርስዎ ግን እነሱን አላገኙም። «ፈጽሞ ያልተነካ» የሚለው አባባል ደግሞ ላይከን የሚመሰክረው ነገር አይደለም፤ ለዚያ የአሮጌ ጉቶዎችን፣ የዛፍ ዕድሜን፣ የእሳት ጠባሳንና የአካባቢውን የቆረጣ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል።

ናሙና ስለ መሰብሰብም አንድ ነገር ልበል። በስዊድን የመዘዋወር መብት ሰፊ ቢሆንም ከቆመ ሕይወት ያለው ዛፍ ቅርፊት መላጥን አይጨምርም፤ በተጠበቁ ደኖች ውስጥም የሞተ እንጨት መጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። ከዩኒቨርሲቲዎ በኩል ከመሬቱ ባለቤት ወይም ከሚመለከተው አስተዳደር ፈቃድ ሳይዙ ተጨማሪ አይውሰዱ። ሲወስዱም ከጥፍር የማይበልጥ ስስ ቁራጭ ይበቃል፤ ቁራጩን በወረቀት ሰሌዳ ላይ ለጥፈው በትንሽ ጠንካራ ሳጥን ያስቀምጡት፣ የዛፉን ዓይነት፣ ቅርፊት መኖር አለመኖሩን፣ የወሰዱበትን አቅጣጫና ከፍታም ወዲያው ይጻፉበት። ያለ እነዚህ መረጃዎች ናሙናው ለሚቀጥለው ሰው እንቆቅልሽ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሦስተኛውን ኬኖቴካ ፉርፉራሲያ ብለው ይመዝግቡ። ሁለተኛውን የወረቀቱ ፈተና ቡናማ ካሳየ ኬኖቴካ ክሪሶሴፋላ ይበሉት። የመጀመሪያውን ግን ስፖሩን በማይክሮስኮፕ እስኪያዩት ድረስ «ያልተለየ ስፒል መሰል ፈንገስ» ከማለት ወዲያ ስም አይስጡት፤ የዝርያ ግኝቶች በሚመዘገቡበት በስዊድኑ ድረ ገጽ በአርትፖርታለንም ላይ መተግበሪያው በሰጠው ስም አያስገቡት፣ የተሳሳተ መዝገብ ከገባ በኋላ ሌሎች እሱን እየጠቀሱ ካርታ ይሠሩበታልና። በዩኒቨርሲቲዎ ማይክሮስኮፕ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ቢያንስ አሥር የበሰሉ ስፖሮችን ርዝመትና ስፋት ይለኩ፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ክፍል መሆናቸውን ይመዝግቡ፣ የጽዋውን ጠርዝ ከጎን ፎቶ ያንሡ። ባለ ሁለት ክፍል ስፖርና ነጭ ቀለበት ካገኙ ግላውሴለም ብለው ለመጻፍ የማንም ማረጋገጫ አያስፈልግዎትም፤ ባለ ሁለት ክፍል ስፖር ኖሮት ቀለበቱ ከጠፋ ግን ናሙናውን ለላይከን ባለሙያ ያሳዩ እንጂ በአቢየቲነምና በዴኒግራተም መካከል በግምት አይምረጡ።